«ያ አልበም እንዲህ ቢሆን ኖሮ» የሚለው ክርክር የት ላይ ይጸናል፣ የት ላይ ይፈርሳል?

ጅማ ውስጥ፣ አመሻሽ ላይ ጀበና ቡና በሚፈላባቸው ጥላዎች ሥር የሙዚቃ ወሬ ከተነሳ፣ እስከ በረካ ድረስ የማይቋጭ አንድ የክርክር ዓይነት አለ። ዋልያስ ባንድ ባይበታተን ኖሮ ቀጣዩ አልበም ምን ይመስል ነበር? ያ ካሴት በድራም ማሽን ሳይሆን በሙሉ ባንድ ቢሠራ ኖሮስ? ጃኖ ባንድ ጊታሩን ቀነስ ቢያደርገው? የውጭ ሙዚቃ የሚከታተሉት ደግሞ ስለ ቢትልስና ስለ ሜታሊካ ያንኑ ይጠይቃሉ።

ክርክሩን ሰሞኑን ያጋጋሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የድሮ ሥራዎች በዲጂታል እየታደሱ መውጣታቸው ነው። በካሴት ለዓመታት የተለመደ ዘፈን በስልክ ሲሰማ ፍጥነቱ ሌላ፣ የድምፃዊው ቃና ሌላ፣ የቤዙ ክብደት ሌላ ይሆንና «እውነተኛው የቱ ነው?» ያሰኛል። ሁለተኛው የዘፋኙን ድምፅ ከመሣሪያው የሚለያዩ ፕሮግራሞች በየላፕቶፑ መግባታቸው ነው። ዛሬ አንድ ተማሪ የሚወደውን ዘፈን ለያይቶ፣ ድራሙን ቀይሮ፣ «እንዲህ ነበር መሠራት የነበረበት» ብሎ በቴሌግራም ይልካል።

ክርክሩ ብዙ ጊዜ መያዣ መጨበጫ የሚያጣው አልበምን በአንድ ሰው የአንድ ቀን ውሳኔ እንደተሠራ አድርገን ስለምናየው ነው። አልበም ተደራራቢ ውሳኔዎች ያሉበት ሥራ ነው፤ እያንዳንዱ «ቢሆን ኖሮ»ም የአንዱ ደረጃ ጥያቄ ነው። ደረጃው ከታወቀ፣ ጥያቄው ዛሬ በጆሮ ሊፈተን የሚችል ነው ወይስ በግምት ብቻ የሚቀር የሚለው አብሮ ይታወቃል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ

የኢትዮጵያ ካሴቶችና ሲዲዎች ሽፋን ለዚህ ጥሩ መነሻ ነው። ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ሚክሲንግ፣ ማስተሪንግ እየተባለ በየስሙ ተዘርዝሮ ይገኛል። ቅንብር ማለት ዜማው በየትኛው መሣሪያ፣ በምን ፍጥነት፣ በምን መግቢያና መሸጋገሪያ ይጫወት የሚለው ውሳኔ ነው። ቀረጻ ያንን ጨዋታ በቴፕ ወይም በኮምፒውተር ላይ ማስፈር ነው። ሚክሲንግ የተቀረጹትን መስመሮች አመጣጥኖ አንድ ማድረግ ነው፤ የማን ድምፅ ይጉላ፣ የማን ይራቅ፣ ምን ያህል ማስተጋቢያ ይጨመር የሚለው እዚህ ይወሰናል። ማስተሪንግ ደግሞ ያለቀውን ሥራ ለሸክላ፣ ለካሴት ወይም ለስልክ በሚስማማ ደረጃ ማሰናዳትና የዘፈኖቹን የድምፅ መጠን እርስ በርስ ማስተካከል ነው።

«ቤዙ ቢጎላ ኖሮ» የሚል ሰው ሚክሲንግን ይጠይቃል። ይህን በሙሉ መመለስ የሚቻለው እያንዳንዱ መሣሪያ ለብቻው የተቀረጸበት ባለብዙ መስመር ቴፕ ካለ ነው። በሸክላና በካሴት ዘመን ግን ብዙ ሥራ ባንዱ አንድ ላይ እየተጫወተ በቀጥታ በሁለት መስመር፣ በግራና በቀኝ፣ ይቀረጽ ነበር። እንዲህ ከሆነ ሚክሲንጉ ያለቀው ማይክሮፎኖቹ በቆሙበት ሰዓት ነው። ባለአራት መስመር መቅጃ ሲኖርም መስመር እንዳያልቅ ሲባል ድራም፣ ቤዝና ጊታር በአንድ መስመር ላይ ይጠቃለሉና በተለቀቁት መስመሮች ላይ ድምፃዊውና ነፋስ መሣሪያው ይገባሉ። አንዴ የተጠቃለለ ቴፑ ላይ ተመልሶ አይፈታም (ድምፅ ለያዩ ፕሮግራሞች ምን ያህል እንደሚረዱ ወደ ታች እናያለን)፤ ቤዙን ከፍ ለማድረግ የሞከረ ሰው ድራሙንም አብሮ ያነሳል።

ቦታ ያጣ ዘፈን

አድማጮች ለስሜት ወይም ለድፍረት ማነስ የሚሰጡትን ውሳኔ ብዙ ጊዜ የወሰነው የዕቃው መጠን ነው። ትንሿ ባለ45 ዙር ሸክላ በአንድ ገጽ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ብትይዝ ነው። የድሮ ዘፈኖቻችን ባጭሩ የሚቋጩት፣ ረዘም ያሉትም «ክፍል 1» እና «ክፍል 2» ተብለው የሚከፈሉት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ትልቁ ባለ33 ዙር ሸክላ በአንድ ገጽ 20 ደቂቃ ገደማ ጥሩ ድምፅ ይሰጣል። ከዚያ ሲያልፍ መርፌው የሚሄድባቸው ቦዮች መጠጋጋት ስላለባቸው የድምፁ መጠን ይቀነሳል፤ መጀመሪያ የሚጎዳውም ሰፊ ቦይ የሚፈልገው ቤዝ ነው።

ሸክላ ሌላም ጠባይ አለው። መርፌው በውጭኛው ጠርዝ ላይ በሴኮንድ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ወደ መሃል ሲጠጋ ግን ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ያው ድምፅ በጠባብ ቦታ ስለሚጨናነቅ የ«ስ» እና የ«ሽ» ድምፆች፣ የሲምባሉም ጫፍ ይሻክራሉ። ስለዚህ የገጹ የመጨረሻ ዘፈን ለስለስ ያለ እንዲሆን ይመረጥ ነበር። «ለምን ያንን ምርጥ ዘፈን መጨረሻ ላይ አላደረጉትም?» ለሚለው ጥያቄ አንዳንዴ መልሱ ይህ ብቻ ነው።

ካሴት ሲመጣ ባለ60ው በአንድ ገጽ 30፣ ባለ90ው 45 ደቂቃ ሰጠ። ዘፈኖች ረዘሙ፣ የአልበም ዘፈኖች ቁጥርም ጨመረ። ሆኖም ሁለቱ ገጾች እኩል ካልሆኑ አንዱ መጨረሻ ላይ ባዶ ቴፕ ይቀራል፤ አሳታሚው ይህን ለማስወገድ ዘፈን ከገጽ ወደ ገጽ ያዛውራል። ዛሬ ደግሞ ስፖቲፋይ አንድ ዘፈን ተደመጠ ብሎ የሚቆጥረው 30 ሴኮንድ ከተጫወተ በኋላ ነው፤ ረዥም የመሣሪያ መግቢያ እየጠፋ የመጣበት አንዱ ግፊት ከዚህ ይነሳል።

ቢትልስ፦ ከአንድ ወር ሥራ የወጡ የተለያዩ አልበሞች

አልበም በሌላ እጅ ምን ሊሆን እንደሚችል ከግምት አልፎ በሰነድ የሚያሳይ ምሳሌ ካስፈለገ የቢትልስ «ሌት ኢት ቢ» ነው። ቡድኑ በጥር 1969 ያለ ብዙ ማስጌጫ፣ እንደ መድረክ ጨዋታ የሚሰማ ሥራ ለመሥራት ተነሳ። ግሊን ጆንስ የተባለው የድምፅ ባለሙያ ቅጂውን ሁለት ጊዜ አሰናድቶ አቀረበ፤ ሁለቱም ተቀባይነት አጡ። በ1970 ፊል ስፔክተር ተረከበውና ለአንዳንዶቹ ዘፈኖች ኦርኬስትራና የሴቶች ኅብረ ድምፅ ጨመረ፤ ግንቦት 1970 ላይ የወጣው ይኸው ነው። ከቡድኑ አባላት አንዱ ፖል ማካርትኒ በራሱ ዘፈን፣ በ«ዘ ሎንግ ኤንድ ዋይንዲንግ ሮድ»፣ ላይ በተደረገው ጭማሪ ክፉኛ ተቆጣ። በ2003 ደግሞ ጭማሪው የሌለበት ሌላ እትም ታተመ።

አድናቂዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። የ2003ቱ እትም የ1970ው አልበም ልብሱን አውልቆ የቀረበ ይመስላቸዋል። ይሁንና ዋናው የክርክር ምክንያት የሆነው የማካርትኒ ዘፈን በሁለቱ እትሞች ላይ አንድ ቀረጻ አይደለም። የመጀመሪያው ጥር 26 ቀን፣ ሁለተኛው ጥር 31 ቀን 1969 የተጫወቱት ነው። ስለዚህ ሁለቱን አነጻጽሮ «ኦርኬስትራው ነው ያበላሸው» ወይም «ኦርኬስትራው ነው ያዳነው» ማለት ሁለት ለውጦችን በአንድ ጊዜ መመዘን ነው። ጨዋታውም ተቀይሯል።

ከዚያው ቡድን ሌላ ምሳሌ እንውሰድ። በየካቲት 1967 «ስትሮቤሪ ፊልድስ ፎርኤቨር» እና «ፔኒ ሌን» በአንድ ትንሽ ሸክላ ወጡ። በጊዜው የብሪታንያ ልማድ ለብቻው የተሸጠን ዘፈን በአልበም ላይ መድገም ገዢውን ሁለቴ ማስከፈል ተደርጎ ይታይ ስለነበር፣ ሁለቱም በዚያው ዓመት ከወጣው «ሳርጀንት ፔፐር» ተዘለሉ። ፕሮዲውሰሩ ጆርጅ ማርቲን ይህን በኋላ የሙያ ዘመኑ ትልቁ ስህተት ብሎታል። አድናቂዎች ሁለቱን መልሰው አስገብተው የራሳቸውን ዝርዝር ይሠራሉ። ሒሳቡን እንሥራው፦ አልበሙ 40 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ሁለቱ ዘፈኖች አንድ ላይ 7 ደቂቃ ናቸው። ድምሩ 47 ይሆናል፣ በገጽ 23 ደቂቃ ተኩል። በሸክላ ይህ የማይቻል አይደለም፣ ግን የድምፁ መጠን ይቀንሳል፤ አለዚያም ሁለት ዘፈን ይወጣል። «ሁለቱ ቢገቡ ኖሮ» የሚል ሰው የትኞቹን እንደሚያስወጣ አብሮ መናገር አለበት።

ቤዙ የት ሄደ?

ሜታሊካ በ1988 ያወጣው «ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል» ለሮክ አድማጮች የማይነጥፍ የክርክር ምንጭ ነው፤ የጄሰን ኒውስተድ ቤዝ ጊታር አይሰማም ማለት ይቻላል። ሚክሲንጉን ከሠሩት አንዱ ስቲቭ ቶምፕሰን ቤዙ የወረደው በባንዱ በኩል በመጣ ጥያቄ መሆኑን ተናግሯል። በ2018 አልበሙ በድጋሚ ሲታተምም ባንዱ ሚክሲንጉን አልነካም። አድናቂዎች ግን ቤዙን ከፍ ያደረጉባቸውን የራሳቸውን ቅጂዎች ሠርተዋል።

ታዲያ ቤዙን ማንሳት ብቻውን ይበቃል? እዚህ አልበም ላይ ቤዙ በብዛት የሪትም ጊታሩን መስመር እየተከተለ ነው የተጫወተው። ጊታሩም ዝቅተኛው ድምፅ እንዲወፍር ሆኖ ነው የተቀዳው። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ስለሚጋጩ ቤዙ ሲነሳ ጊታሩ መቀነስ ይኖርበታል፤ ጊታሩ ሲቀነስ ደግሞ የአልበሙ ደረቅና ስለታም ጠባይ አብሮ ይሄዳል። ጥያቄው ከሚክሲንግ ወደ ቅንብር ተሸጋገረ ማለት ነው፦ ቤዙ የራሱን መስመር ቢጫወት ኖሮ የሚለው ነው ዋናው። ያ ደግሞ አልተቀረጸም፤ ማንም ፕሮግራም አያወጣውም።

ስለ ቤዝ ከመፍረድ በፊት በምን እንደተሰማ መጠየቅ ያስፈልጋል። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ገደማ ይንቀጠቀጣል። የስልክ ስፒከር ይህን ያህል ወርዶ አይጫወትም፤ በባጃጅ ጣሪያ ሥር የሚታሰሩት ትናንሽ ስፒከሮችም ከ100 በታች ሲሆን ይደክማሉ። በእነዚህ የሚሰማው የቤዙ ዝቅተኛ ድምፅ ሳይሆን ከላዩ የሚነሱት ቅጥያ ድምፆቹ ናቸው። እዚሁ ጅማ ከመርካቶ ወደ አጂፕ በባጃጅ ሲሄድ የሰማውና በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ የሰማው ሰው ስለ አንድ አልበም ቤዝ ቢከራከሩ ሁለቱም የሰሙትን በሐቅ ነው የሚናገሩት።

ድራም ማሽንና ባንድ

በአገራችን ሙዚቃ ላይ የሚነሳው ትልቁ «ቢሆን ኖሮ» ግን የባንድና የማሽን ጉዳይ ነው። ለዚህ ተፈጥሮ ራሷ ያዘጋጀችው የሚመስል ንጽጽር አለን። የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በ1977 ከዋልያስ ባንድ ጋር፣ ሙላቱ አስታጥቄም ተሳትፎበት፣ «ቼ በለው» የተሰኘውን የመሣሪያ አልበም ሠራ። ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ተጉዞ አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩ፣ ሌሎቹ ተመለሱ። በ1985 ኃይሉ ብቻውን፣ በአኮርዲዮን፣ በኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ በሲንተሳይዘርና በሪትም ማሽን ሌላ አልበም ቀረጸ። የዚያ ሥራ አንዲት ካሴት ከብዙ ዓመት በኋላ ባሕር ዳር ውስጥ ተገኝታ በ2013 በድጋሚ ለመታተሙ ምክንያት ሆነች።

ሁለቱን አከታትሎ የሚሰማ ሰው የአንድ ሙዚቀኛ እጅ ከባንድ ጋርና ያለ ባንድ ምን እንደሚሆን በግልጽ ያገኛል። በ1977ቱ ኦርጋኑ ከነፋስ መሣሪያውና ከጊታሩ ጋር ቦታ ይጋራል፤ ገባ ብሎ ይወጣል። በ1985ቱ ማሽኑ ሳይታክት ያንኑ ስለሚደግም፣ አኮርዲዮኑ የሚዘገየውም የሚፈጥነውም በሱ ላይ ሆኖ ጎልቶ ይሰማል። ባንድ ቢኖር ኖሮ ያ ብቸኝነት ያለው ድምፅ አይኖርም ነበር። የ1985ቱን ሥራ «ባንድ ያጣ አልበም» ብሎ እንደ ጉድለት ብቻ መቁጠር በእኔ ግምት ትልቅ ስህተት ነው።

ይህ ሲባል ማሽኑ የሚያበላሸው ነገር የለም ማለት አይደለም፤ በቁጥር የሚታይ ብልሽት አለው። የችክችካ ምት እያንዳንዱ ዋና ምት ለሦስት የሚከፈልበት ነው። በብዙ ኪቦርድና ፕሮግራም ላይ ግን መነሻው ፍርግርግ ምቱን ለአራት የሚከፍል ነው። ፍጥነቱ በደቂቃ 120 ምት ቢሆን፣ አንዱ ምት 500 ሚሊ ሴኮንድ ይሆናል። ለሦስት ሲከፈል ሁለተኛው ጨዋታ 167ኛው ሚሊ ሴኮንድ ላይ፣ ሦስተኛው 333ኛው ላይ ይውላል። ፍርግርጉ ለአራት የሚከፍል ከሆነና ጨዋታውን ወደ ቅርቡ የፍርግርግ መስመር የሚስበው ራስ-አስተካካይ ከተከፈተ ሁለተኛውን ወደ 125፣ ሦስተኛውን ወደ 375 ይጎትተዋል፤ እያንዳንዳቸው በ42 ሚሊ ሴኮንድ ይስታሉ። ይህን ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል፤ ትከሻም ያውቀዋል። መፍትሔው ፍርግርጉን ለሦስት በሚከፍለው ማዋቀር፣ ራስ-አስተካካዩንም በሙሉ ኃይሉ አለመጠቀም ነው። ስለዚህ «ማሽን ስለገባ ነው ነፍሱ የወጣው» ከሚባሉት ካሴቶች በአንዳንዶቹ ጥፋቱ የማሽኑ ሳይሆን የአሞላሉ ሊሆን ይችላል።

የሮክ ጊታርና የቅኝት ጉዳይ

ጃኖ ባንድ በአራት ድምፃውያንና በከባድ ጊታር ይዞት የመጣው «ኤርታሌ» የተለየ ጥያቄ አስነሳ፦ ጊታሩ ቢቀል ኖሮ ዜማው ይበልጥ አይወጣም ነበር?

ስንጥቅ ያለው የሮክ ጊታር ድምፅ ከሰው ድምፅ ጋር አንድ ሰፈር ነው የሚኖረው። የአማርኛ ተነባቢዎች ጥርት ብለው የሚሰሙት በሴኮንድ ከ2,000 እስከ 4,000 ባለው ንዝረት አካባቢ ነው፤ ጊታሩም እዚያው ነው የሚጮኸው። ግጥሙ «አይሰማም» የሚለው ቅሬታ የሚነሳው በአብዛኛው ከዚህ ነው። በሚክሲንግ ላይ ጊታሩን በዚያ ክልል ሁለት ሦስት ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) መቀነስ ወይም ሁለቱን ጊታሮች ወደ ግራና ቀኝ መግፋት መሃሉን ለድምፃዊው ይከፍታል። ቀላሉ ጥገና ይህ ነው።

ከባዱ ቅኝት ላይ ነው። ስንጥቅ ያለው ጊታር ብዙ ኖታ አንድ ላይ ሲጫወት ድምፁ ስለሚተረማመስ፣ የሮክ ተጫዋቾች መነሻውንና አምስተኛውን ብቻ ይይዛሉ፤ ይህም ፓወር ኮርድ ይባላል። ትዝታ ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ እና ኤ ናቸው፤ የሲ አምስተኛ የሆነው ጂ ውስጡ ስላለ ችግር የለም። አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ እና ኤ ፍላት ነው፤ እዚህም ጂ አለ። አንቺ ሆዬ ግን ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት እና ኤ ነው፤ ጂ የለም። ስለዚህ በአንቺ ሆዬ የሚያቀናብር ሮከኛ ዜማው በሚያርፍበት ኖታ ላይ ፓወር ኮርድ ልያዝ ካለ ከቅኝቱ መውጣት አለበት። ምርጫው ሦስት ነው፦ መነሻውን ብቻውን ማስጮህ፣ ኤፍና ሲን ይዞ ማለፍ፣ ወይም ቅኝቱን መጣስ። የኢትዮጵያ ሮክ «ወደ ፈረንጅ አደላ» ወይም «አላደላም» የሚለውን ክርክር እንዲህ ባለ ጥያቄ መጀመር ይሻላል፤ ጊታሩ መብዛቱን ከመቁጠር የት ቦታ ምን ኖታ እንደያዘ መስማት።

የምናስታውሰው አልበም በእርግጥ ነበር?

ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ለምትገኘው ጅማ፣ በካሴት ዘመን ብዙ ሥራ የደረሰው ከቅጂ ቅጂ ነበር። ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠ ቁጥር ሹክሹክታ መሰሉ የቴፕ ድምፅ ይጨምራል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይሞታል። ከሁሉ የሚያሳስተው ግን ፍጥነት ነው። ካሴት በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር መጓዝ አለበት። ድንጋዩ ሲደክም ወይም ላስቲኩ ሲላላ ቴፑ ይጎተታል። 6 በመቶ ከዘገየ ድምፁ ግማሽ ቶን ይወርዳል፤ ድምፃዊው ወፍራምና የበሰለ ይመስላል፣ ዘፈኑም የረጋ። መቅጃው ዘግይቶ ቀድቶ በትክክለኛ ቴፕ ከተጫወተ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፦ ይፈጥናል፣ ይቀጥናል። አንድ ሰው «የድሮው ይሻላል፣ አሁን አፈጠኑት» ሲል የተለወጠው አልበሙ ላይሆን ይችላል፤ ለሃያ ዓመት የሰማው ቅጂ ዘገምተኛ የነበረ ሊሆን ይችላል።

ይህን መፈተን ቀላል ነው። በታደሰው እትም ላይ 4 ደቂቃ የሆነው ዘፈን በካሴቱ ላይ 4 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ከሆነ ልዩነቱ 6 በመቶ ነው፤ ጥያቄው አበቃ። የዘፈኑ መጨረሻ በመደብዘዝ የሚያልቅ ከሆነ በመግቢያውና ግልጽ በሆነ አንድ የመጨረሻ ምት መካከል ያለውን መለካት ይሻላል። ሲንተሳይዘር ያለበት ሥራ ሌላ መፈተኛም ይሰጣል፤ እነዚህ መሣሪያዎች ከፋብሪካ ሲወጡ በኤ 440 የተቃኙ ስለሆኑ፣ በስልክ የመቃኛ ፕሮግራም ሲታዩ ሁሉም ኖታ በአንድ መጠን ከወረደ ጥርጣሬው ቴፑ ላይ ያርፋል።

ቀጭኑ ድምፅ ከታፈነ ደግሞ የማንበቢያው ጭንቅላት ዘንበል ማለቱን ማየት ነው። ከጭንቅላቱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በጣም በጥቂቱ፣ ከሩብ ዙር ባነሰ መጠን እያዞሩ፣ ሲምባሉ ከሁሉ በላይ ጥርት ያለበት ቦታ ላይ ማቆም። ግራና ቀኙን ወደ አንድ ቀላቅሎ መስማት ቦታውን ለማግኘት ይረዳል።

ድምፅ የሚለየው ፕሮግራም ምን ያደርጋል፣ ምን አያደርግም?

በነፃ ከሚገኙት ውስጥ ስፕሊተርና ዴሙክስ ይታወቃሉ። አንድን ዘፈን በተለምዶ ለአራት ይከፍሉታል፦ ድምፅ፣ ድራም፣ ቤዝ፣ የቀረው። የተማሩት በብዛት በምዕራባውያን ሙዚቃ ስለሆነ ክራርና ዋሽንት «የቀረው» ውስጥ ይወድቃሉ፤ ማሲንቆ ደግሞ እንደ ሰው ስለሚያዜም ብዙ ጊዜ ከድምፃዊው ጋር ተለጥፎ ይወጣል። የድምፃዊው ማስተጋቢያ ከመሣሪያው ጋር ይቀርና ድምፁ የተላጠ ይመስላል። የሲምባል ጫፍ እንደ ውሃ ይንቦጫቦጫል። ምንጩ በቴሌግራም የተጨመቀ ፋይል ከሆነ ይህ ሁሉ ይብሳል።

ስለዚህ በፕሮግራሙ ተለያይቶ አዲስ ድራም የገባበት ዘፈን «ሙሉ ባንድ ቢሆን ኖሮ» ለሚለው ጥያቄ ግማሽ መልስ ብቻ ነው። ዘፋኙ የዘፈነው ማሽኑን እየሰማ ነው፤ ትንፋሹ፣ ማዘግየቱ፣ መጣደፉ ለማሽኑ የተሰጠ ምላሽ ነው። ዛሬ የሚገባው ድራመኛ ይከተለዋል እንጂ አይገፋውም። ባንድ ውስጥ ግን ሁለቱ ይገፋፋሉ።

ለማወዳደር ከተፈለገ ደግሞ ደንብ አለው። ሁለቱ ቅጂዎች ከአንድ ምንጭ ይምጡ። የድምፅ መጠናቸው በጥንቃቄ ይስተካከል፤ ግማሽ ዴሲቤል የጮኸው ሰሚው ሳያውቅ «የጠራ» ይመስለዋል፣ የአዲስ ቅጂ ሠሪዎችም ያለ ክፋት የሚያሸንፉት በዚህ ነው። ከዚያ አጫዋቹ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይናገር 10 ጊዜ ይጫወት። በግምት ብቻ 9 ወይም 10 ጊዜ ትክክል የመሆን ዕድል 1 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ ያን ያገኘ ሰው ልዩነቱን በእርግጥ ይሰማዋል። 5 ወይም 6 ካገኘ ክርክሩን ለጊዜው ማሳደር ይሻላል።

የማን ሐሳብ ይከበር?

አንደኛው ወገን አልበም እንደወጣ ይቀመጥ ይላል፤ የጊዜው ገደብ የሥራው አካል ነው፣ ሹክሹክታውም ሳይቀር። ሁለተኛው ወገን ሙዚቀኞቹ የፈለጉትን በዕቃ ማነስ ካላገኙ ዛሬ ማግኘት አለባቸው ይላል። ሁለተኛው ፍትሐዊ ይመስላል፤ ችግሩ «ሙዚቀኞቹ የፈለጉት» አንድ አለመሆኑ ነው። ማካርትኒ የተቆጣበትን ጭማሪ የቡድኑ ባልደረባው ጆን ሌኖን ደግፎታል። ባንድ አምስት ሰው ከሆነ አምስት ያልተሠራ አልበም አለ። እኔ የምደግፈው አዲሱ እትም አሮጌውን ሳያጠፋ፣ ምን እንደተለወጠ በሽፋኑ ላይ በግልጽ ተጽፎ አብሮት እንዲቆም ነው። አሮጌው ከገበያ ወርዶ አዲሱ ብቻውን ሲቀር ግን አድማጩ የሚያወዳድርበትን ነው የተነጠቀው።

ሕጉም እዚህ ቦታ አለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ለሥራ አመንጪው ሥራው ተዛብቶ እንዳይቀርብ የመቃወም የሞራል መብት ይሰጣል፤ አሻሽሎ ማውጣትም ፈቃድ ይጠይቃል። ቤት ውስጥ ለራስ ሞክሮ መስማትና በአደባባይ መለጠፍ አንድ አይደሉም።

ካሴቱ ሳይሞት

ከላይ ያለው ፍተሻ ሁሉ ጥሩ ምንጭ መኖሩን ይጠይቃል፤ ጅማ ደግሞ ዝናብ የሚበዛባት እርጥብ ከተማ ናት። በየመሳቢያው ያሉ ካሴቶች ጠርዝ ላይ ነጭ ሻጋታ ከታየ ማጫወት አይገባም፤ ሻጋታው ጭንቅላቱን ያቆሽሽና ወደሚቀጥለው ካሴት ይሻገራል። ደረቅ ቦታ አቆይቶ፣ ሻጋታውን በአፍ መሸፈኛ ሆኖ ማጽዳት ይቀድማል። ጤነኛ የሆነውን ደግሞ ከመቅዳት በፊት አንዴ እስከ መጨረሻው አስኪዶ መመለስ ጥሩ ነው፤ ለዓመታት ተጣብቆ የቆየው ቴፕ ይላቀቃል። ባለ90ው ቴፕ ከባለ60ው ስለሚቀጥን በፍጥነት ማስኬዱ ላይ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከውስጥ ቴፑን ወደ ጭንቅላቱ የምትገፋው ትንሽ ስፖንጅ ከወደቀች ድምፁ ይጠፋል፤ ከማያስፈልግ ካሴት አውጥቶ መተካት ይቻላል። ጭንቅላቱንና ጎማውን በየካሴቱ መሃል ማጽዳት፤ ለጭንቅላቱ 90 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ አልኮል ይሁን።

ቀረጻው በ24 ቢት፣ በሴኮንድ በ48,000 ናሙና፣ ባልተጨመቀ ፋይል ይሁን፤ ከፍተኛው ድምፅ ከጣሪያው 6 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ይቁም። የመጀመሪያው ቅጂ ላይ ሹክሹክታ ማጥፊያም፣ ቤዝ መጨመሪያም አይነካ፤ ፍጥነቱም አይስተካከል። ማስተካከያው ሁሉ በሁለተኛው ቅጂ ላይ ይሠራ። የፋይሉ ስም ላይ የካሴቱ ዓይነት፣ ገጹ፣ የተጫወተበት ቴፕ እና የተቀዳበት ቀን ይጻፍ፤ ሽፋኑም ፊትና ጀርባው፣ የአቀናባሪውና የሚክሲንግ ባለሙያው ስም እንዲነበብ ሆኖ አብሮ ፎቶ ይነሳ።